ራሱን ማርቆስ፣ ዐይኑን በዓታ

የእትዬ እቴናት ቤት ከደብረ ማርቆስ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ለመንገድ የዞረችው ክፍል ድሮ ፎቶ ቤት ነበረች፤ ዛሬ ፀጉር ሠሪ ተከራይቷታል። ቢሆንም ከበሩ በላይ «ፎቶ አለበል» የሚለው ጽሑፍ፣ ቀለሙ ቢሄድም፣ ጠጋ ብሎ ላየው ይነበባል። ከክፍሏ ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ጓዳ አለች። እሷን እትዬ እቴናት ለማንም አከራይተው አያውቁም። አንድ ድንች ነጋዴ፣ «ድንች ጨለማ ይወዳል እትዬ፤ ይቺ ጓዳ ለድንች የተሠራች ናት» ብሎ ቢለምናቸው፣ አፍረው መሬት መሬት እያዩ፣ «ሰው አለባት» አሉት።

ሰው ያሉት ፎቶ ማጉያውን ነው። የሙያው ሰዎች ኢንላርጀር ይሉታል። በሰፊ ጣውላ ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ እንደ ድስት የከበደ የአምፖል ቤት፣ ከሥሩ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጥቁር ነገር፣ በወናፉ ጫፍ ደግሞ ሌንስ። ነጌቲቩ ከአምፖሉና ከሌንሱ መካከል ይገባል፤ ብርሃኑ በእሱ አልፎ ሥዕሉን ጣውላው ላይ ያሳርፈዋል፤ እዚያ ወረቀት ይቀበለዋል። ባለቤታቸው አለበል ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማጉያው ግን እሱ ከመሞቱም በፊት ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ዲጂታሉ ከመጣ ወዲህ። እትዬ እቴናት በወር አንድ ቀን አቧራውን ያራግፉለትና መልሰው በአሮጌ ነጠላ ያለብሱታል።

ከአማኑኤል ከተማ ወዲህ ካለች መንደር ተድረው ወደዚህ ቤት ሲመጡ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ትምህርታቸውም እስከ ስድስተኛ ክፍል። አለበል ድቁና ተቀብሎ፣ ዜማ ጀምሮ፣ መንገድ ላይ ካሜራ የጠለፈው ሰው ነበር። በሠርጉ ማግስት «አንቱ አትበይኝ፤ ሳላረጅ ታስረጂኛለሽ» ስላላቸው እስከ ዛሬ በሐሳባቸው እንኳ «እሱ» ነው። ሥራውን ተካፈሉ፤ ማንሣቱና ጨለማው የእሱ፣ እርሳሱና ውሃው የእርሳቸው።

እርሳስ የሚባለው ነጌቲቭ ማሳመር ነው። ነጌቲቩን መስተዋት ላይ አስደግፈው፣ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ የሰውን ብጉርና ጠባሳ ነጥብ በነጥብ ይሞሉታል። በሰው ገላ ላይ ጠቆር ያለው በነጌቲቭ ላይ ነጭ ስለሚሆን፣ እርሳስ የሞላው ነገር ፎቶው ላይ አይታይም። ከገጠር ወጥተው ከተማ የገቡ ሴቶች አብዛኞቹ «የአንገቴን ንቅሳት አጥፉልኝ» ይሉ ነበር፤ እትዬ እቴናት የስንቱን አንገት እንዳጠፉ ቁጥሩን አያውቁትም። ጓዳዋ ስትዘጋ ግን አይገቡም ነበር። ለሁለት ሰው አትበቃም። ከበሩ ውጭ የማጠቢያ ባልዲያቸውን ይዘው ሲጠብቁ የሚሰሙት የእሱን ድምፅ ነው። አለበል ብርሃኑን የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በአቡነ ዘበሰማያት ነበር። «ሲሳየነ» ላይ ሲደርስ መብራቱን ቀጭ አድርጎ ያጠፋል። ነጌቲቩ ጠቆር ካለ እስከ «ኢታብአነ» ይሄዳል።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ አንዲት ሴት ከሮብ ገበያ ከተማ መጣች። ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ሥራነሽ የምትባል። ፀጉር ሠሪው ወደ ጓሮ መራት።

«እናቴና እኔ እዚህ ቤት ፎቶ ተነሥተን ነበር» አለች። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነው ልጄ?»

«እሱን አላውቅም። ቀዩን በሬ የሸጥን ጊዜ ነው።»

እትዬ እቴናት አልሳቁም። የሴትዮዋን ዕድሜ ጠይቀው በጣታቸው ቆጠሩና ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ደረሱ። ሥራነሽ ቀጠለች። እናቷ ፎቶውን በተነሡ በዓመቱ ሞተች። ፎቶው ኋላ ከነቤቱ ተቃጠለ። ሌላ ፎቶ የለም።

«መልኳ ጠፋኝ እትዬ። ሰው ‹እናትሽን ትመስያለሽ› ይለኛል፤ መስተዋት አያለሁ፤ ግን እኔ አሁን ከእሷ በጣም አርጅቻለሁ። እሷን መምሰሉን ትቼ አያቴን መስያለሁ። የማስታውሰው አንገቷን ብቻ ነው። ስንተኛ አንገቷ ሥር እሸጎጥና የንቅሳቷን መስመር በጣቴ እቆጥር ነበር።»

«ስንት ነበር?»

«አምስት። ወይ ስድስት። እሱም እየጠፋኝ ነው።»

እትዬ እቴናት በዚህ ጊዜ አንድ ድምፅ ትዝ አላቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ከመነሣቷ በፊት እርሳሳቸውን አይታ «ንቅሳቴን እንዳትነኩብኝ፤ አምሮብኛል» ያለቻቸው። ያቺ ሴት ይቺን ልጅ በእጇ ይዛ ይሆን? አልተናገሩም፤ እርግጠኛ አልነበሩም። ነጌቲቮቹ በየዓመቱ በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። የሰባ አንድን አወጡ፤ ሁለቱም በር ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ወደ ሰማይ እያነሡ ሲያዩ ዋሉ። ወደ ማታው ላይ አገኟት፤ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ፀጉር፣ አንገቷ ላይ ነጫጭ ክር። ከጎኗ አንዲት ቀጭን ልጅ።

መጀመሪያ የወሰዱት መሐል ከተማ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ነው። እዚያ የሚሠራው ልጅ ነጌቲቩን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልኩ አነሣው፤ ጉም የመሰለ ነገር ወጣ። «ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል» አለና ትንሽ ቆይቶ አንድ ባለ ቀለም ፎቶ ሰጣቸው። ከንፈሯ የተቀባ፣ ቅንድቧ የተቀነደበ፣ አንገቷ እንደ ሸክላ የለሰለሰ ሴት ነበረች። ሥራነሽ ፎቶውን ይዛ ብዙ አየችው።

«ቆንጆ ናት» አለች። «የማን ልጅ ናት?»

እትዬ እቴናት ጥፋቱን ራሳቸው የሠሩት ያህል ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ሳያስቡት፣ «አንድ ወር ስጪኝ። ለኅዳር ማርቆስ ነይ» አሉ። ቤታቸው ሲገቡ ነው ምን እንደ ተናገሩ የገባቸው። ማጉያውን አንድም ቀን በእጃቸው ሠርተውበት አያውቁም። የተረፈው ወረቀት ደግሞ፣ በጥቁር ከረጢቱ ውስጥ በጣታቸው ዳስሰው ሲቆጥሩት፣ ሰባት ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?

ሚስጥሩን ያካፈሉት ሳራን ነው። ሳራ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የፊዚክስ መምህርት ናት። አገሯ ሆሳዕና፣ ሃይማኖቷ ፕሮቴስታንት፤ ከእትዬ እቴናት ጋር በሁዳዴ እንኳ ሳይቀያየሙ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ነጠላውን ገልጣ ማጉያውን ስታይ እጇን አሻሸች።

«እማማ፣ እኔ ይኸን ተማሪዎቼን በሰሌዳ ላይ በሥዕል ነው የማስተምራቸው። ቤትዎ ውስጥ ቆሞ ሦስት ዓመት ዝም አሉኝ?»

«አልጠየቅሽኝም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ሳራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሁለቱ ጓዳ ውስጥ ይገባሉ። ሽቦውን አይጥ በልቶት ነበር፤ ሳራ ቀየረችው። አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ወተት የሚመስለው የድሮ አምፖል በአንድ ሱቅ የኋላ መደርደሪያ ላይ ተገኘ፤ ባለሱቁ «ይኸንን እንኳን ሰው፣ ቆጣሪውም ረስቶታል» ብሎ ሳቀ። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ እትዬ እቴናት በጥጥና በአልኮል፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠረጉት። ከአምፖሉ ሥር ሁለት ወፍራም መስተዋቶች አሉ፤ ሆዳቸው የተነፋ። ሳራ ፈትታ ስትመልሳቸው አንዱን ገልብጣ ስለነበር ብርሃኑ መሐሉ ደምቆ ዳሩ ጨለመ።

«ሆድ ለሆድ መሆን አለባቸው» አለች አስባ።

«እንደ ሚስጥረኛ» አሉ እትዬ እቴናት። ዘወር ሲያደርጉት ብርሃኑ እኩል ሆነ።

ወናፉ ሁለት ቦታ ተጥፏል። መጣፊያውን በእጃቸው ሲዳስሱት ቆሙ።

«ይኸ ጃንጥላዬ ነው።»

«የምን ጃንጥላ?»

«ጥቁር ጃንጥላ ነበረኝ። ልጄን አንለይን አዝዬ ክርስትና ስሄድ የያዝኩት። ጠፋ ብዬ ስንት ፈልጌ…» ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ስፌቱ የእሱ ነው። እንዲህ የሚያዛንፈው እሱ ነው።»

መድኃኒቱን የሰጣቸው አቶ መሳፍንት የሚባል ጡረታ የወጣ የራጅ ባለሙያ ነው። ሥዕል የሚያወጣውን ዴቨሎፐርና ሥዕሉን የሚያጸናውን ፊክሰር በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ አመጣላቸውና፣ «ለሳንባ የሆነ ለፊትም ይሆናል» አለ።

ሁሉ ነገር ተሟላ፤ ጥራቱ ግን እምቢ አለ። ቀይ መብራት አብርተው፣ ነጌቲቩን አስገብተው፣ ማጉያውን ሲከፍቱት የሴትዮዋ ፊት ጣውላው ላይ ጉም ሆኖ ይተኛል። ሌንሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ ጥርሱ አልቆ በባዶ ይሽከረከራል። ሳራ ሌንሱን በእጇ ስትይዘው ሥዕሉ ለቅጽበት ጥርት ይላል፤ እጇን ስታነሣ ሌንሱ በራሱ ክብደት የፀጉር ያህል ይወርድና ፊቱ እንደገና ይደፈርሳል። የአምፖሉን ቤት ከፍ ዝቅ ቢያደርጉትም ያው ነው። አንደኛውን ወረቀት የሳራ ስልክ ጨረሰው፤ ኪሷ ውስጥ ጠራና በራ፤ ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ከሰል ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ እጇን ሳታነሣ ለመያዝ ሞከረች፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት አንገት ያላት ሴት ወጣች። አራት ወረቀት ቀረ።

«አቶ አለበል እንዴት ያደርጉት ነበር? የጻፉት ነገር የለም?» አለች ሳራ።

«የለም። የተወው ስለት ብቻ ነው።»

«ምን ስለት?»

እትዬ እቴናት መቀመጫ ሳቡ። አለበል በሞተ በአርባው ውዳሴ ማርያሙን ሲከፍቱ መሐሉ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኙ። የራሱ እጅ ጽሕፈት ነው። «ለትልቁ፦ ራሱን ማርቆስ ማድረስ። ዐይኑን በዓታ ማቆም።» ከሥር «ለትን…» ይላል፤ የቀረውን አይጥ በልቶታል። እትዬ እቴናት አለቀሱ። ትልቁ ልጃቸው አንለይ በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ራሱንም ዐይኑንም ታሞ ነበር። ለካስ አባቱ ያን ጊዜ ተስሎ ሳያደርስ ኖሯል። ያልደረሰ ስለት ደግሞ ለሟች ሸክም ነው። አንለይን አማኑኤል ከሚሠራበት ማኅበር አስጠሩት። ቦርጭ ያወጣ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ይዞ ገባ። ከዚያ በታኅሣሥ ብርድ በዓታ ጠበል ሦስት ጧት ዐይኑን ታጠበ።

«‹እማዬ፣ ዐይኔ እኮ ደኅና ነው› ይለኛል። ‹ደኅና የሆነው በስለቱ ነዋ› አልኩት።»

ሳራ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«የትንሿ ነው የሚያሳዝነኝ» አሉ እትዬ እቴናት። ትንሿ ባሕር ዳር ያለችው ማርያማዊት ናት። «የእሷን ስለት አይጥ በላው። ጉንፋን በያዛት ቁጥር ‹ምን ብሎላት ይሆን› እላለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ኅዳር ሠላሳ፣ የማርቆስ ዕለት፣ እትዬ እቴናት በጧት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ሳራ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት የለም። ሥራነሽ ከሰዓት ትመጣለች፤ ምን እንደሚሏት አላወቁም። ሳራ ምሰሶው ቢጸዳ ይሻል እንደሆን ብላ ማጉያውን ከግድግዳው አላቃው ነበር፤ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ስታሽ ከእድፉ ሥር ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

«እማማ፣ ይኸ የልብስ ሰፊ ሜትር አይደለም?»

እትዬ እቴናት መነጽራቸውን አደረጉ። ነው። የእርሳቸው ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን የስፌት መኪና መርፌ ቀዳዳ ያውቁታል። ይኸ ሜትር የጠፋ ጊዜ ጎረቤታቸውን በልባቸው ጠርጥረው፣ ሳይናገሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰጉባት ኖረዋል።

«እግዚኦ» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው ነፍስ።»

ሳራ ቁጥሩን ትከተላለች። «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ሠላሳ ላይ ቆርጠውታል። ራሱን እዚህ ላድርሰው?»

«ምን አልሽ?»

«ራሱን። ይኸን ትልቁን፤ አምፖሉ ያለበትን። ስሙን ስለማላውቅ…»

«አይ፤ የት አልሽ?»

«ሠላሳ ላይ።»

እትዬ እቴናት ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ዛሬ ሠላሳ ነው። ዛሬ ማርቆስ ነው። አለበል በቁጥር ቀን ጠርቶ አያውቅም፤ «ሚካኤል ዕለት እንገናኝ»፣ «ለጊዮርጊስ ይደርሳል» ነበር የሚለው፤ ደንበኞቹም ዐሥራ ሁለትና ሃያ ሦስት ብለው ይረዱት ነበር። ወደ ቤት ገብተው ውዳሴ ማርያሙን ይዘው ተመለሱ። ቁራጯን ወረቀት ለሳራ ሰጧት። ሳራ አነበበችና ግራ ገባት።

«ማርቆስ ማድረስ? ማርቆስ ውስጥ አይደለን እንዴ?»

«ከተማው አይደለም ልጄ። በእኛ ወር ውስጥ እያንዳንዱ ቀን ባለቤት አለው። ማርቆስ ሠላሳ ነው፤ የወሩ መጨረሻ።»

«በዓታስ?»

«ሦስት።»

ሳራ ተንበረከከችና ወናፉን ከጎን አየችው። ሌንሱ የሚንሸራተትበት ብረት ላይ የጣት ቁመት ያላት የዚያው ሜትር ቁራጭ ተለጥፋለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። «ሦስት ላይ ቀዳዳ አለ እማማ። ቀጭን ናት። የሆነ ነገር ሊገባባት ነው።»

የሚገባው ግድግዳው ላይ ነበር። ከምስማር ላይ በክር የተንጠለጠለ የስፌት ወስፌ፤ እትዬ እቴናት ለዓመታት አቧራውን ሲያራግፉለት «ምን ያደርጋል እዚህ» ያላሉት። ሦስተኛው ሌብነት። ወስፌውን አውርደው፣ በጉልበታቸው ጠጋ ብለው፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰኩት። ቀጥ ብሎ ገባ። ሌንሱ ቆመ።

«ዐይኑን በዓታ ማቆም» አለች ሳራ፤ ከዚያ ግንባሯን ጣውላው ላይ ደፍታ ትስቅ ጀመር። «አቶ አንለይ! ሦስት ጧት!»

«‹ለትልቁ› ያለው ለትልቁ ፎቶ ነው» አሉ እትዬ እቴናት፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እንግዲህ ‹ለትንሹ› ለትንሹ ፎቶ ነበር።» ከማርያማዊት ላይ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር ወረደ። ጃንጥላዬ፣ ሜትሬ፣ ወስፌዬ፣ አሉ በልባቸው። ጓዳዋ ለሁለት አትበቃም ብለው ከደጅ ቆመው ኖረዋል፤ ለካስ እዚህ ውስጥ ነበሩ።

ሳራ ራሱን ማርቆስ አደረሰችው። ቀዩን አብርተው ማጉያውን ከፈቱት። የሴትዮዋ አንገት ጣውላው ላይ ወረደ፤ ነጫጭ መስመሮቹ እንደ ፈትል ክር ጥርት ብለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ። ሳራ እጇን አነሣች። ሥዕሉ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ እቴናት መስመሮቹን ቆጠሩ፤ አምስት። ከአምስተኛው በታች ደግሞ አንዲት አጭር ጭረት አለች፤ ጀምራ መንገድ ላይ የቀረች። ነጌቲቩ ተቧጥሮ ይሆናል ብለው አሰቡ። የድሮ እጃቸው በላቸው፤ እርሳሱን ስሎ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መሙላት አንድ አፍታ ነው። እርሳሱን አነሡ። ከዚያ «እንዳትነኩብኝ» የሚለው ድምፅ መጣባቸውና መልሰው አስቀመጡት።

ወረቀቱን ዘረጉ። መብራቱን ሳራ ያዘች፤ ልኩን እርሳቸው።

«አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ…» ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ በዚያች ጓዳ ውስጥ ግን በቂ ነበር። ወረቀቱ ያረጀ ነው ብለው «ሲሳየነ»ን አለፉና «ኢታብአነ» ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጭ።

ውሃው ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ዐይን ነው፤ ከዚያ የልጅቱ ፀጉር፤ ከዚያ አንገቱ። ወረቀቱ ዳር ዳሩ አመድ መስሏል፤ መሐሉ ግን ጥርት ያለ ነበር። እትዬ እቴናት በመቆንጠጫ አንሥተው ፊክሰሩ ውስጥ ከከተቱት በኋላ ባልዲያቸውን ሊያመጡ ወጡ። እግረ መንገዳቸውን ለአንለይ ስልክ ደወሉ።

«አንለይ፤ ያ ስለት… የማሽኑ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዱት።

«እማዬ፣ በዚያ ውርጭ የታጠብኩት ለማሽን ነው?»

«ዐይንህ ግን ደኅና ነው አይደል?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ምን ጎደለህ?»

ሥራነሽ ስትመጣ ፎቶው ገና ባልዲ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። «እንደ ያኛው ከሆነ አታሳዩኝ።»

«ነይና እይው» አሉ እትዬ እቴናት። «እኔ አልነካሁትም።»

ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ፊቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ፤ ፊቷ ላይ ግን ያወቀችው መሆኑ አልታየም። እትዬ እቴናት ልባቸው ፈራ። ከዚያ ሥራነሽ ጣቷን ውሃው ውስጥ አስገብታ፣ ወረቀቱን ሳትነካ፣ ከአንገቱ ላይ ከላይ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች። አምስተኛው ላይ ጣቷ አልቆመም። አጭሯ ጭረት ላይ ወርዶ፣ እዚያ ቀረ።

«አምስት ተኩል» አለች።

«እህ?»

«አምስት ተኩል ነው እኮ። ለዚያ ነው አምስት ነው ስድስት ነው የምለው።» እያለቀሰች ትስቃለች። «ነቃሿ ስድስተኛውን ስትጀምር ‹በቃኝ› ብዬ ጮኼ ሮጥኩ ትለኝ ነበር። ‹ተኩሉ የፈሪነቴ ነው› ትል ነበር። እንዲህ… እንዲህ ነው የምትስቀው፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ።» ቀና ብላ ወደ ፊቱ አየች፤ አሁን ፊቱን ከሳቁ ጋር አገናኘችው። «እሷ ናት።»

ሳራ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። እትዬ እቴናት ፎቶውን አንሥተው በማስጫው ገመድ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀሉት።

ሲደርቅ፣ የቀሩትን ሦስት ወረቀቶች ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ መለሱ። ማጉያውን ነጠላውን አለበሱት። ወስፌውን ግን ከቀዳዳው አላወጡትም።